ከታጠበችበት ቀን ጀምሮ

ሰኔ 17 ቀን 1996 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። በደብተሩ ውስጥ የመጨረሻው መስመር ተጀምሮ ቀርቷል። በመጀመሪያው ዓምድ «29/8» ይላል፤ ሚያዝያ 29፣ ዓርብ ነው፤ «ገባ» በሚለው በሁለተኛው «9/9»፤ «ወጣ» በሚለው በሦስተኛው «13/9»። አራተኛው ዓምድ «የሚቀጥለው ደም» የሚል ርእስ አለው። ከሥሩ የእርሳስ ጫፍ አርፎ የተነሣባት አንዲት ነጥብ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ቁጥሮቹን የጻፈችው ሳሌሃ ናት። ትምህርቷን ከሦስተኛ ክፍል ስላቋረጠች ፊደል ትፈራለች፤ ቁጥር ግን አትፈራም። ዓምዶቹን ያሰመረችውና ርእሶቹን የጻፈችው የባሏ ታናሽ እህት ናጃህ ነበረች። ናጃህ ያን ገጽ ያየችው ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው።

ሳሌሃ የተወለደችው ከቡታጅራ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በምትርቅ የመስቃን መንደር ነው። ቀኑን የመዘገበ የለም። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ አባቷ ለቆጣሪው «አሥራ አራት ዓመቷ» አሉ፤ እናቷ ከጓዳ ሆነው «አሥራ ሦስት» ብለው አረሙ፤ ቆጣሪው የአባትየውን ጻፈ። ስለዚህ ጥር 1990 ከድሮን ስታገባ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እናትየው ልክ ከነበሩ ደግሞ አሥራ ስድስት።

ከድሮ መርካቶ ውስጥ ከአጎቱ ሱቅ በርበሬ ይሸጥ ነበር። ሚስቱን ወደ አዲስ አበባ ሊወስድ ቤት አልነበረውም። ስለዚህ ሳሌሃ እንደ አብዛኞቹ የነጋዴ ሚስቶች በመንደር ከባሏ እናት ከእማ አሚኔ ጋር ተቀመጠች። ከባሏ ይልቅ ከባሏ እናትና ከባሏ እህት ጋር ኖረች ማለት ይቀላል። ሙሽራ የባሏን ታናሽ በስም አትጠራም፤ የራሷን ስም ታወጣላታለች። ሳሌሃ ለናጃህ ያወጣችላት ስም «ብዕሬ» ነበር፤ ያኔ ናጃህ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ጣቶቿ ከቀለም ጠርተው አያውቁም ነበር።

የሳሌሃ እጅ ፈጣን ነበር። የእንሰት ቅጠል እግሯ ሥር አስደግፋ ስትፍቅ ሌሎቹ ሴቶች ሁለተኛውን ሳይጨርሱ እሷ አራተኛውን ትይዛለች። አፏም እንደ እጇ ነው። የሰው አረማመድ ታስመስላለች፤ የሼኹን፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር፣ እማ አሚኔ ዶሮ ሲያባርሩ የሚሮጡትን ሩጫ። እማ አሚኔ ራሳቸው አይተዋት ከሳቁ በኋላ ተቆጥተዋታል። ናጃህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ይዛ ትጠይቃታለች፤ ዛሬ ምን አሳወቁሽ ትላለች፤ ናጃህ የሰማችውን ሁሉ ካልነገረቻት ምሳ አታቀርብላትም። አንድ ቀን ናጃህ ምድር እንደምትዞር ነገረቻት። ሳሌሃ የቡና ሲኒውን መደርደሪያ አየችና፣ ይሄ ሁሉ ሲዞር አንድም ሲኒ አለመውደቁን አመሰገነች።

በተዳረች ዓመት፣ በ1990 ክረምት፣ አንድ ጊዜ ክፉኛ ታማለች። ከእምብርቷ በታች ያማት ነበር፤ ትኩሳትም ነበራት። ሁለት ሳምንት ተኛች። ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጣት፤ ሐኪም ቤት መሄድ ታስቦ ዝናቡ እስኪያቆም ተባለ፤ ዝናቡ ሳያቆም ሕመሙ ለቀቃት። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሕመም ያነሣ አልነበረም።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ሄደ። ልጅ አልመጣም።

እማ አሚኔ ክፉ ሴት አልነበሩም። ዱዓ አስደረጉ፤ ያስደረጉትን ለማንም አልነገሩም። በ1993ቱ አረፋ ከድሮ ሲመጣ ግን አስቀምጠው ተናገሩት። ቤቱ ጸጥ አለብኝ አሉት፤ ሌላ ማግባት በሃይማኖትህ አልተከለከለም፤ እኔ አልቸኩልም፣ አንተ ግን አስብበት። ሳሌሃ ከግድግዳው ማዶ ቆጮ እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አላቆመችም። ናጃህ አጠገቧ ስለነበረች ይህን ታውቃለች፤ ቢላዋው ከወትሮው ይልቅ እኩል እኩል ይመታ ነበር።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ናጃህ አሥረኛ ክፍል ሳለች፣ የባዮሎጂው መጽሐፍ ስለ ሰው መራቢያ አካላት የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ደረሰ። አስተማሪው ጋሽ ተሰማ ወንዱም ሴቱም አንድ ላይ የተቀመጠበትን ክፍል አዩ፤ ሰዓታቸውንም አዩ፤ ይህን በየቤታችሁ አንብቡት ብለው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፉ። ናጃህ ቤቷ አነበበችው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በመዝገበ ቃላት አንድ ገጽ አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጅባት ነበር።

ሳሌሃ ሥዕሉን በትከሻዋ ላይ አጮልቃ አየችው።

«ይሄ የበግ ራስ ምን ሊሠራ ነው የሚያስተምሯችሁ?» አለች።

ናጃህ በግ አለመሆኑን ነገረቻት። መሐሉ ማህፀን ነው፤ ቀንድ የመሰሉት ሁለት ቱቦዎች ናቸው፤ ከቀንዶቹ ጫፍ ያሉት ሁለቱ ደግሞ እንቁላል የሚያስቀምጡ ናቸው፤ አንዲት ሴት ስትወለድ እንቁላሎቿን ሁሉ ይዛ ነው የምትወለደው። ሳሌሃ ሳቋን ተወችና ቁጭ አለች። የቀረውን አንድም ነገር ሳታልፊ ንገሪኝ አለቻት።

ናጃህ ያነበበችውን ሁሉ ነገረቻት። በየወሩ አንድ እንቁላል ይወጣል። ቱቦው ይቀበለዋል። እንቁላሉ የሚቆየው አንድ ቀን ነው፤ ቢበዛ። የወንዱ ዘር ግን ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቃል። የሚገናኙት ማህፀን ውስጥ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ ነው፤ ከተገናኙ በኋላ ቀስ ብለው፣ አምስት ስድስት ቀን ፈጅተው፣ ወደ ማህፀን ይወርዳሉ። ማህፀን በየወሩ ግድግዳውን በደም አወፍሮ ይጠብቃል። የሚመጣ ከሌለ ያዘጋጀውን ይጥለዋል፤ የወር አበባ የሚባለው እሱ ነው።

«ደሙ እንግዲህ ለእንግዳ የተነጠፈ ምንጣፍ ነዋ» አለች ሳሌሃ። «እንግዳው ሲቀር የሚጠቀለል።»

ቀጥላ ጠየቀች። «እንቁላሉ መቼ ነው የሚወጣው?»

መጽሐፉ «በአሥራ አራተኛው ቀን» ይላል። ከስንተኛው ቀን ተነሥቶ አሥራ አራተኛው እንደሆነ ሁለቱም አልጠየቁም። መጠየቅ የሚያስፈልግ አልመሰላቸውም። ሁለቱም ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ እናቶቻቸው ያስተማሯቸው አንድ ነገር ነው። ደም ያለባቸው ቀናት አይቆጠሩም። ሶላት የለባቸውም፣ ጾም የለባቸውም። ሴት ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ትታጠባለች፤ ጡሃራ፣ ንጹሕ፣ ትሆናለች፤ ቀኗ የሚጀምረው ያኔ ነው። ያመለጣትን የረመዳን ጾም የምትመልሰው ከዚያ ተነሥታ ነው፤ ከባሏ ጋር የምትገናኘው ከዚያ ተነሥታ ነው። መጽሐፉ «የመጀመሪያው ቀን» ሲል ናጃህ የታጠበችበት ቀን ብላ አነበበችው፤ ሌላ የመጀመሪያ ቀን አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛች። ዓምዶቹን በማስመሪያ አሰመረች። የመጀመሪያው ርእስ «የታጠበችበት» ነበር።

ከዚያ በፊት ከድሮ የሚመጣው ሲመቸው ነበር፤ አንዳንዴ በወሩ፣ አንዳንዴ በስድስት ሳምንቱ፣ በርበሬ ለመግዛት፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ። አሁን ግን ቀኑ ታወቀ። ሁልጊዜ መመላለስ አይችልም፤ ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ፣ በቀኑ ዋዜማ ገብቶ፣ ሦስት ቀን ተቀምጦ እንዲሄድ ተስማሙ። ሳሌሃ ስትታጠብ ለናጃህ ትነግራታለች። ናጃህ ትቆጥራለች። ቀኑ ሲቃረብ ከትምህርት ቤት መልስ ቡታጅራ ቴሌ ትገባና መርካቶ ትደውላለች። ስልክ ያላቸው ከከድሮ ሱቅ ጎን ያሉት ጋሽ ሰይዶ ስለነበሩና ነገሩ ለጋሽ ሰይዶ የሚነገር ስላልነበረ፣ የሚላከው መልእክት «በርበሬው ደርቋል» የሚል ነበር።

ሐምሌ ላይ ናጃህ ደወለች።

«ማንን ልበል?» አሉ ጋሽ ሰይዶ።

«የከድሮ እህት ነኝ። በርበሬው ደርቋል በሉልኝ።»

«በሐምሌ?»

«አዎ።»

«ዝናቡ ውስጥ?»

ናጃህ ቀፎውን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። ቴሌ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ የሚሰማት መሰላት።

«እሺ ልጄ፣ እነግረዋለሁ» አሉ ጋሽ ሰይዶ። «እኔ አርባ ዓመት በርበሬ ስነግድ በክረምት የሚደርቅ አላጋጠመኝም። የእናንተ አገር አፈር የተባረከ ነው።»

ሳሌሃ ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ከድሮ በመጣ ቁጥር፣ እንግዳ ባለበት ሁሉ፣ የበርበሬውን ነገር ትጠይቀዋለች፤ እሱም ወደ ውጭ ያያል።

ከግንቦት 1993 እስከ የካቲት 1996 ድረስ ደብተሩ ውስጥ ሠላሳ አራት መስመር አለ። ከድሮ ሠላሳ ጊዜ በቀኑ ደርሷል። አራት ጊዜ አልደረሰም፤ ሁለቱ በሥራ፣ አንዱ በሕመም፣ አንዱ መኪና ተበላሽቶበት። ለእያንዳንዱ ምክንያቱ ከጎኑ ተጽፏል። በየመስመሩ መጨረሻ ላይ ናጃህ «መጣ» የምትል ቃል ትጽፍ ነበር፤ የመጣው ደሙ ነው። በኋላ ናጃህ ስትርቅ ቃሉን የተካው የሳሌሃ ቁጥር ነው፤ ሠላሳ አራት ጊዜ መጣ።

በ1994 አንድ ጊዜ ሳሌሃ ጤና ጣቢያ ሄዳለች። ሲስተር ፈቲሀ የምትባለው ነርስ ባልሽንም ይዘሽ ነይ፣ ምርመራው ለሁለታችሁም ነው አለቻት። ሳሌሃ ለከድሮ ነገረችው። ከድሮ ሳይቆጣ፣ ሳይጮህ፣ እሺ አለ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው መንገድ አላለፈም። እሷም ዳግመኛ አላነሣችበትም።

መስከረም 1996 ናጃህ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ስታትስቲክስ ልታጠና። ደብተሩንም «በርበሬው ደርቋል» የሚለውንም ስልክ ለሳሌሃ ትታላት ሄደች። የማትችይውን ቃል አትጻፊ፣ ቁጥሩን ብቻ ጻፊ አለቻት። የዚያ ዓመት አረፋ ጥር ላይ ዋለ። እማ አሚኔ ለከድሮ የምትሆን ልጅ አገኙ። ቤተሰቧን ሁሉም የሚያውቃቸው፣ ጨዋ ልጅ ነበረች። ነገሩ ለኅዳር፣ የበርበሬው አዝመራ ሲገባ፣ ተቀጠረ። ሳሌሃ ከኅዳር በፊት ከወለደች ወይም ሆዷ ከታየ፣ እማ አሚኔ ነገሩን ያስቀሩታል። ይህን በግልጽ ነግረዋታል። ሳሌሃም እጃቸውን ስማ አመስግናቸዋለች።

ናጃህ በመኝታ ክፍሏ ከሦስት ልጆች ጋር ነበረች። አንዷ ማርታ ትባላለች፤ የወልቂጤ ልጅ፣ አባቷ የእንጨት ሥራ ያላቸው፣ እሑድ እሑድ የማትቀር ጴንጤ፣ የነርስ ተማሪ። ማርታ ስታጠና ድምፅ ታወጣለች። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ናጃህ ልብሷን ስትተኩስ፣ ማርታ አልጋዋ ላይ ሆና የወር አበባን ዑደት ትሸመድድ ነበር። ቀን አንድ፣ ደም የሚጀምርበት የመጀመሪያ ቀን፣ አለች።

«ቀን አንድ የታጠበችበት ቀን ነው» አለች ናጃህ፣ ካውያውን ሳታነሣ።

«ማን ታጠበች?»

«ሴትዮዋ። ደሙ ሲያልቅ።»

ማርታ ሳቀች። ከዚያ የናጃህን ፊት አይታ ሳቋን ተወች። ከአልጋዋ ወርዳ ወረቀት አመጣች። ሃያ ስምንት ሳጥን ሠራችና ከመጀመሪያው ሰባቱን በቀይ አቀለመች።

«ከዚህ ነው የሚቆጠረው» አለች፣ ጣቷን የመጀመሪያው ቀይ ላይ አድርጋ። «ከደሙ ነው። ደሙም ከቀኑ ነው። አሥራ አራተኛው እዚህ ጋ ይውላል። አንቺ እንደምትዪው ከታጠበች በኋላ ብትቆጥሪ...» ጣቷን አሳለፈችው። «ሃያ አንደኛው ላይ ትወድቂያለሽ። እንቁላሉ ከሞተ ስድስት ቀኑ።»

ናጃህ ሳጥኖቹን አየቻቸው። ካውያው ቀሚሷን አቃጥሎ ሽታው ክፍሉን ሞልቶት ነበር፤ ከሶኬቱ የነቀለችው ማርታ ናት።

የገባት አንድ በአንድ ነው። በመጀመሪያ፣ እስከዚያ ድረስ ከድሮን የጠሩት ሁሉ በዘገየ ቀን ላይ መሆኑ። ቀጥሎ የገባት የባሰ ነው። ከመቁጠራቸው በፊት ከድሮ ሲመቸው ይመጣ ስለነበር አንዳንድ ወር በትክክለኛው ቀን የመገኘት ዕድል ነበረው። ቆጥረው በአንድ ቀን ከወሰኑት ወዲህ ግን፣ እንቁላሉ በሚወጣበት ሳምንት ሁሉ ከድሮ መርካቶ ነበር። ሳይቆጠር ክፍት የነበረውን በር፣ በማስመሪያ አስምራ የዘጋችው እሷ ናት።

ደብዳቤ መጻፍ አልቻለችም። ለሳሌሃ የሚመጣ ደብዳቤ የሚነበበው በሌላ ሰው ነው። ስልክም ቢሆን ሳሌሃ ቴሌ ቆማ ስለ ደም በጩኸት ልታወራ አትችልም። ዕረፍት እስኪደርስ ሁለት ወር ጠበቀች። በእነዚያ ሁለት ወራት ከድሮ ሁለት ጊዜ መጥቶ እንደሄደ ደብተሩ ላይ አለ።

የካቲት 1996 መንደር ደረሰች። ሳሌሃ ከእንሰቱ መሐል ቃጫ እየገመደች ነበር። ናጃህ ከጎኗ ቁጭ ብላ የማርታን ወረቀት ዘረጋች። ሳይቆራረጥ ለመናገር በመንገዱ ሁሉ ተለማምዳ ነበር፤ ተቆራረጠባት። ሳሌሃ ሰምታ ስትጨርስ ሳጥኖቹን በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

«ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር» አለች።

«አዎ።»

«እንግዳው በሩን ሲያንኳኳ ከድሮ መርካቶ። ከድሮ ሲመጣ እንግዳው ሄዷል።» ገመዱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «ለእማ አትንገሪያቸው።»

«ሳሌሃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ...»

«አትንገሪያቸው አልኩሽ። በአንቺ ይፈርዳሉ። እኔ ልጅ ሳይኖረኝ ስድስት ዓመት እዚህ ቤት በሰላም ቆይቻለሁ፤ አንቺ ግን ለዚህ ቤት ሴት ልጅ ነሽ፤ እሳቸው የሚይዙብሽን ቂም አትችይውም።» እንደ ቀድሞዋ አየቻት። «ደግሞስ ብዕሬ፣ አንቺ ባትቆጥሪልኝ ማን ይቆጥርልኝ ነበር? መንደሩ ሁሉ የሚቆጥረው ስንት ዓመት እንደሆነኝ ነው። ቀኔን የቆጠረልኝ የለም።»

ናጃህ በዚያው ቀን አዲስ ገጽ አሰመረች። የመጀመሪያው ርእስ «የጀመረበት» ሆነ። ለከድሮ የተነገረው ቀኑ እንደተለወጠ ብቻ ነው፤ ለምን ብሎም አልጠየቀም። ናጃህ ተመልሳ ሄደች።

መጋቢት ላይ ከድሮ መጣ፤ ደሙም መጣ። ሚያዝያ ላይም እንዲሁ። ግንቦት 9 ገባ፤ ግንቦት 13 ወጣ። ከዚያ በኋላ ከቡታጅራ ወደ መርካቶ ስልክ አልተደወለም። ሰኔ ሲገባ ጋሽ ሰይዶ ራሳቸው ከድሮን፣ በርበሬው ዘንድሮ ቀረ እንዴ ብለው ጠይቀውታል። እሱም በርበሬ መመዘኑን ቀጥሏል።

ሳሌሃ ለማንም አልተናገረችም። በዚያ አገር ሆድ ራሱ እስኪናገር ድረስ ሴት አትናገርም፤ ቀድሞ የተወራ ይጠፋል ይባላል፤ ዓይን ይበላዋል። የጎረቤቶቿ ሰባት ስምንት ልጆች በዚህ ዝምታ ውስጥ አልፈው ተወልደዋል። እሷ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ መጠንቀቅ ነበረባት፤ ስድስት ዓመት የጠበቀች ናት። የሚታወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎረቤቷ ሰፍያ ሰኔ መጀመሪያ ላይ በዋዛ፣ ወፈርሽ ብላት፣ ሳሌሃ መልስ ሳትሰጥ በሁለት እጇ ነጠላዋን አስተካክላለች። በምላሷ የምትታወቅ ሴት መልስ ሳትሰጥ ስትቀር ሰፍያ ልብ ብላለች።

ሰኔ 17 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ሳሌሃ ደጅ ላይ ተንበረከከች። ጎኔን አለች። ቀጥላ ትከሻዬን አለች፤ እማ አሚኔ ይህን አልተረዱትም፤ ሆዷን የያዘች ሴት ስለ ትከሻዋ ለምን ትናገራለች? ፊቷ የቆጮ መልክ ያዘ። ደም በውጭ አልታየም። ሰዎች ተጠርተው ቃሬዛ ተሠራ፤ አሥራ ሁለት ወንዶች እየተቀባበሉ በጭቃው ተሸከሟት። መኪና መንገድ ለመድረስ ከሃምሳ ደቂቃ በላይ ፈጀባቸው። የሚያልፍ አይሱዙ አቁመው ሆስፒታል አደረሷት። ሲደርሱ አልፋለች። ዓርብ ጠዋት ተቀበረች።

ናጃህ ፈተና ላይ ስለነበረች የተነገራት ቅዳሜ ነው። እሑድ ደረሰች። ሰኞ ደብተሩን ሳሌሃ ከምታስቀምጥበት፣ ከልብስ ሣጥኗ ሥር፣ አገኘችው። ማክሰኞ ይዛው ሆስፒታል ሄደች። ሐሙስ ዕለት ሳሌሃን የተቀበለውን ሐኪም አስፈቅዳ ጠየቀችው። እሱም ደብተሩን ተቀብሎ ገጹን አየ፤ ከሚያዝያ 29 ተነሥቶ እስከ ሰኔ 17 ቆጠረ። አርባ ስምንት ቀን ይሆናል፤ ናጃህ ቆጥራው መጥታለች።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳት። ፅንሱ ወደ ማህፀን አልወረደም። ቱቦው ውስጥ ቀረ፤ እዚያው አደገ፤ ቱቦው ደግሞ አይሰፋም፣ ይፈነዳል። ደሙ ወደ ውስጥ ስለሚፈስ አይታይም። የትከሻው ሕመም ከዚያ ነው፤ የፈሰሰው ደም ከሳንባ ሥር ያለውን ነርቭ ሲነካ ትከሻ ላይ ይሰማል። ከዚህ በፊት ታማ ታውቃለች ወይ አላት። ናጃህ የ1990ውን ክረምት ነገረችው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ሕመም ቱቦውን ያጠብበዋል፣ ጠባሳ ይተውበታል አለ፤ ብዙ ጊዜ ከባል ወደ ሚስት የሚተላለፍ ነው፤ ባልየው ራሱ ላያውቀው ይችላል። ናጃህ ይህን አልጻፈችውም። ለከድሮም አልነገረችውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «የቆጠርነው ስህተት ነበር። ለሦስት ዓመት ያህል። ባላርመው ኖሮ...»

ሐኪሙ ደብተሩን ዘግቶ መለሰላት።

«እንደዚያ አትቁጠሪው» አላት።

ሌላ አቆጣጠር ግን አልነገራትም። ስህተቱ ልጅ ከለከላት፤ እርማቱ እሷን ወሰዳት፤ ሁለቱንም የጻፈችው አንድ እጅ ናት። ከሆስፒታሉ በር እስከ መናኸሪያው ናጃህ ያሰበችው ይህንኑ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስኬድ ሐሳብ አልነበረም።

የቀራት ያን ሐሙስ ማወቅ ብቻ ነበር። እማ አሚኔን ጠየቀች፤ ሰፍያን ጠየቀች፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሲስተር ፈቲሀን ጠየቀች። የሦስቱ ቃል በሰዓት ይገጥማል።

የእማ አሚኔ ዓይን ከማክሰኞ ጀምሮ ቀልቶ፣ ጠዋት ጠዋት ተጣብቆ ያድር ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሳሌሃ፣ መድኃኒቱን አመጣልዎታለሁ ብላ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣች። ከሰፍያ ጋር ግማሽ መንገድ ሄደዋል። አንድ ቦታ ላይ ሳሌሃ ቆም ብላ ጎኗን ይዛለች፤ ሰፍያ ምነው ስትላት፣ ጭቃው ነው ብላታለች። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ወረፋ ጠብቃለች። ከግራ ከቀኟ የተቀመጡት ነፍሰ ጡሮች ነበሩ፤ የክትትል ቀናቸው ነበር። ተራዋ ሲደርስ ገብታ የአማቷን ዓይን ነገር በሥርዓት አስረዳች። መቼ እንደጀመረው፣ የትኛው እንደሚብስ፣ መግል እንዳለው። ሲስተር ፈቲሀ የዓይን ቅባት ሰጠቻት፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ እጅ ታጥቦ፣ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ስቦ። ከዚያ ፊቷን አይታ፣ አንቺስ ደኅና ነሽ አለቻት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሳሌሃ። «እኔ ምንም የለኝ።»

በሩ ላይ አንድ ጊዜ ዞር ማለቷን ሲስተር ፈቲሀ ታስታውሳለች። የሚቀጥለዋ ታካሚ ገባች።

ቤት የደረሰችው ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ነው። እጇን በሳሙና ታጠበች። እማ አሚኔን ደጅ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ፣ አስቀምጣ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አስደገፈች። ቀኙን ቀድማ ቀባች፤ ግራውን ቀጥላ። ያቃጥላል አሉ እማ አሚኔ፤ አይሹት አለቻቸው፣ ገብቶ ሲጨርስ ይተዋል። ክዳኑን ገጥማ ቱቦውን በእጃቸው አስያዘቻቸው፤ የማታውን እንዳይረሱት አለቻቸው።